«ፋሲካ ሲያልፍ ይሄዳሉ»፦ የፀደይ ወፎችን አይቶ መጻፍ ለምን ይጠቅማል?

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነኝ። ሚያዝያ መጀመሪያ ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ። ጤዛው ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ላሞች ቀስ እያሉ እየጋጡ ያልፋሉ። ከእግራቸው ሥር ደግሞ ቢጫ ነገር ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ብልጭ ይላል። ትንንሽ ወፎች ናቸው። ደረታቸው አደይ አበባ ይመስላል። ጭራቸው አያርፍም፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ላሟ ሰኮናዋን ስታነሳ ከሣሩ ውስጥ ትንኝና ፌንጣ ይበረግጋል። እነሱም ያንን ጠብቀው ለቀም ያደርጋሉ።

ባይኖኩላሬን አስተካክዬ ጭንቅላታቸውን አየሁ። የአንዱ ራስ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው። ከጎኑ ያለው ሰማያዊ የነካው ግራጫ ሆኖ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር አለው። ሦስተኛው ጠቆር ያለ ግራጫ ነው፤ መስመር የለውም። የአንድ ዝርያ ወፎች ናቸው፤ የሚሄዱበት አገር ግን ይለያያል። ባለ ጥቁር ራሱ ቱርክና ባልካን አካባቢ ይፈለፍላል። ባለ ነጭ መስመሩ መካከለኛው አውሮፓ፣ ሦስተኛው ደግሞ ስካንዲኔቪያ። ሁሉም ዛሬ አንዲት ላም እግር ሥር ቁርስ ላይ ናቸው።

ከብቶቹን የሚጠብቀው ልጅ ቀረብ አለኝ።

«ጋሼ፣ ምን እያዩ ነው?»

«እነዚህን ቢጫዎቹን።»

«እነሱማ ከላሞቹ ጋር ነው የሚውሉት። ፋሲካ ሲያልፍ ይሄዳሉ።»

«የት ነው የሚሄዱት?»

«እንጃ። መስቀል ሲደርስ ግን ይመጣሉ።»

ልጁ መጽሐፍ አላነበበም፤ የነገረኝ ግን ልክ ነው። እነዚህ ወፎች ከመስከረም ጀምሮ እኛ ጋ ይከርማሉ፤ በሚያዝያና በግንቦት መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይነሳሉ። ችግሩ አንድ ነው። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል። በ2016 ሚያዝያ 27 ዋለ፣ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ሚያዝያ 4። ከሦስት ሳምንት በላይ ልዩነት ነው። አየሩ ሲቀያየር ወፎቹ ቀደም ብለው ሄዱ ወይስ ዘገዩ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ሦስት ሳምንት ማለት ሁሉም ነገር ነው። የልጁ እውቀት ቀን ቢጻፍበት ኖሮ ዛሬ ዋጋው ሌላ ነበር።

የምጽፈው ስለዚህ ነው። በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች በየጠዋቱ ያዩትን ወፍ በስልካቸው እየመዘገቡ ያጋራሉ። በፀደይ ወራት፣ በፈረንጆቹ ፀደይ ማለቴ ነው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ይህ ልውውጥ ጫፍ ላይ ይደርሳል። እኛ ግን ከመንገዱ መሐል ተቀምጠን ዝም ብለናል።

መንገዱን እንየው። ስምጥ ሸለቆ ለወፍ የሰማይ አውራ ጎዳና ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ ከደቡብና ከምሥራቅ አፍሪካ የተነሱ ወፎች በእኛ ላይ ወደ ሰሜን ያልፋሉ። እንደ ሽመላና ንስር ያሉት ክንፈ ሰፊዎች ብዙ ክንፍ አይመቱም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው የሚነሳውን ሞቃት አየር እየዞሩ ይወጡበታል፤ ከላይ ሲደርሱ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደሚቀጥለው ይንሸራተታሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እንደ ልብ አይገኝም። ለዚህ ነው ሰፊ ባሕር የሚሸሹት። ገሚሶቹ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትሰፋው በባብ ኤል መንደብ ጠባብ መተላለፊያ ወደ የመን ይሻገራሉ። ሌሎቹ የቀይ ባሕርን ምዕራባዊ ዳር ይዘው ወደ ግብፅ፣ ከዚያም በሲና በኩል ወደ እስራኤሏ ከተማ ኤላት ይወጣሉ።

ትንንሾቹ ወፎች ሌላ ዘዴ አላቸው። አብዛኞቹ የሚበሩት ሌሊት ነው። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጭልፊትም ይተኛል። ከመነሳታቸው በፊት እየበሉ ስብ ያከማቻሉ፤ ረጅም በረሃ የሚያቋርጡት አንዳንዶቹ ክብደታቸው እጥፍ እስኪጠጋ ድረስ ይሰባሉ። ስንቃቸው እሱ ነው። ስንቁን የሚሞሉበት ቦታ ከደረቀ ደግሞ ጉዞው ይዘገያል።

ይህ ግምት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 ፀደይ ሁለት የወፍ ዝርያዎች ስካንዲኔቪያ የደረሱት ዘግይተው ነው። አንዱ ጀርባው ቀላ ያለ ቡናማ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር ጭምብል ያሰረ የሚመስል፣ ፌንጣ ይዞ እሾህ ላይ የሚሰካ ወፍ ነው። እኛም አገር በሚያዝያ ግራር ጫፍ ላይ ጉብ ብሎ ይታያል። ሌላው በዘፈኑ የታወቀ ቡናማ ወፍ ነው። ተመራማሪዎች ቀደም ብለው በጥቂቶቹ ጀርባ ላይ አንድ ግራም የምታህል መሣሪያ አስረው ነበር። መሣሪያዋ ፀሐይ መቼ እንደወጣችና መቼ እንደጠለቀች ትመዘግባለች፤ ከቀኑ ርዝማኔና ከእኩለ ቀኑ ሰዓት ወፉ የት እንደነበረ ይሰላል። ወፎቹ ተመልሰው ሲያዙ የተገኘው መልስ ይሄ ነው፦ አፍሪካ ቀንድ ላይ ከወትሮው በላይ ቆይተዋል። በዚያ ዓመት ቀንዱ በከባድ ድርቅ ተመቶ ነበር። ነፍሳቱ የሉም፤ ስንቅ ለመሙላት ብዙ ቀን ፈጀ። ጥናቱ በሚቀጥለው ዓመት ታትሞ ወጣ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የታሰበኝ የቦረና እረኛ ነው። ከብቶቹ እያለቁበት በነበረበት በዚያ ሚያዝያ፣ ያ ባለ ጭምብል ወፍ ከፊቱ ባለው ደረቅ ግራር ላይ ለወትሮው ከሚቆየው በላይ ሲቆይ አይቶት ይሆናል። ማንም አልጠየቀውም። የእኛ አገር ድርቅ በወፎቹ ላይ ያደረሰው ነገር የታወቀው ዴንማርክና ስዊድን ላይ በተያዘ መረጃ ነው።

አሁን ሰዎች ያዩትን እንዴት እንደሚያጋሩ ልግለጽ። ትልቁ መዝገብ ኢበርድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ማዕከልና በአውዱቦን ማኅበር ተጀመረ። አሁን የዓለም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የተመዘገቡት እይታዎች ቁጥር ከ1 ቢሊዮን አልፏል። በነፃ ስልክ ላይ ይጫናል። ኔትወርክ በሌለበት ሜዳም ይሠራል፤ ከተማ ስትገባ ትልከዋለህ።

ዋናው ብልሃቱ ግን ቴክኖሎጂው ላይ አይደለም። ኢበርድ የሚጠይቅህ «ምን ብርቅ ወፍ አየህ?» ብሎ አይደለም። ስንት ሰዓት ቆመህ አየህ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄድክ፣ የለየኸውን ሁሉ ጽፈሃል ወይ ይልሃል። ቁራውንም፣ እርግቡንም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ሙሉ ዝርዝር ከጻፈ፣ ያልጻፈው ወፍ አልነበረም ወይም አልታየም ማለት ነው። ባዶውም መረጃ ይሆናል። ብርቅ ብርቁ ብቻ ከተጻፈ ግን ቁራ ከአገሩ ቢጠፋ እንኳ የሚያውቅ አይኖርም። እንግዳ የሆነ እይታ ሲገባ ደግሞ አካባቢውን የሚያውቁ በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚዎች ይጠይቁሃል፦ ፎቶ አለህ? እንዴት ለየኸው? አንዳንዱ ሰው በዚህ ይከፋል። መከፋት አያስፈልግም፤ መዝገቡ የሚታመነው ስለሚጠየቅበት ነው። ድምፅ ሰምቶ ወፍ የሚለየው ሜርሊን የተባለው መተግበሪያም ጥሩ ረዳት ነው። ግን ይሳሳታል። እሱ ስላለ ብቻ አትጻፍ፤ ወፉን በዓይንህ ፈልገው።

ቀንና ቦታ የሌለው እይታ ምን ያህል ሊያንከራትት እንደሚችል የኛው አገር ታሪክ ይመሰክራል። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ደቡብ ኢትዮጵያን ሲያስስ ወፎች ይሰበስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው መካከል ለሳይንስ አዲስ የሆነ፣ አረንጓዴና ቀይ ላባ ያለው፣ አናቱ ነጭ የሆነ ውብ ወፍ ተገኘ። በስሙም ተሰየመ። ነገር ግን የት እንደያዘው የሚል ማስታወሻ አልነበረም። ወፉ እንደገና እስኪገኝ ድረስ ግማሽ ክፍለ ዘመን ገደማ አለፈ። ነገሌና ገናሌ አካባቢ ላሉ ሰዎች ግን መቼም ጠፍቶ አያውቅም፤ ከሾላው ላይ ሲበላ ያዩት ነበር።

ዛሬስ? የኢትዮጵያን የወፍ ካርታ ከፍተህ ብታይ ነጠብጣቦቹ የአስጎብኚ መኪና መንገድ ይመስላሉ። ሱሉልታ፣ ደብረ ሊባኖስ፣ አዋሽ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ባሌ፣ ነገሌ፣ ያቤሎ። ከነዚህ ወጣ ስትል ይሳሳል። ወፍ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ የሚጽፍ ሰው ስላላለፈበት ነው። በጊዜም እንደዚያው። ወፍ ለማየት የሚመጣው እንግዳ በብዛት የሚመጣው በበጋው ነው። የውኃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራም በጥር ይካሄዳል፤ እኛ ጋ የሚከርሙትን ያሳያል። ወፉ ተነስቶ የሚያልፍበት መጋቢትና ሚያዝያ ግን ክፍተት አለበት። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ብዙ ሠርቷል። አንድ ማኅበር ግን ብቻውን ይህን የሚያህል አገር ሊያዳርስ አይችልም።

አንድ እንቅፋት ደግሞ ቋንቋችን ላይ አለ። ሐዋሳ ሄደህ «አባ ኮዳ» ብትል ሁሉም ያውቀዋል፤ አሞራ ገደል ላይ የዓሣ ፍርፋሪ የሚጠብቀው ያ ረጅም ራሰ በራ አሞራ ነው። የሱሉልታዋ ቢጫ ወፍ ግን ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ስትሄድ ስሟ ይለወጣል፤ ብዙ ሰው ጋም «ወፍ» ብቻ ናት። ስለዚህ ጀማሪ ሰው የእንግሊዝኛ ስም ለመሸምደድ ይገደዳል፤ ብዙው እዚያው ላይ ተስፋ ይቆርጣል። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ በማስታወሻዬ ላይ የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስም፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ፣ ከወፉ መልክ ጋር እጽፋለሁ። እንደዚያ ሲጠራቀም አንድ ቀን የጋራ ስም ይወጣለታል ብዬ አምናለሁ።

ሁሉንም ማጋራት ግን ልክ አይደለም። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ጎጆ ካየህ ቦታውን አትለጥፍ። ጉጉት ቀን የምታርፍበትን ዛፍም እንዲሁ። አንድ ፎቶ ሲወጣ በማግሥቱ አሥር ሰው ይመጣል፣ ወፏ ትረበሻለች፣ እንቁላሏን ትታ ትነሳለች። ነገሌ አጠገብ ባለው ሊበን ሜዳ ላይ የምትኖረው፣ በዓለም ላይ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዷ የሆነችው ትንሽ የሣር ወፍ ጎጆዋን መሬት ላይ ነው የምትሠራው። ለፎቶ ብሎ ሣሩ ውስጥ የሚንጎራደድ ሰው ሳያውቅ ሊረግጣት ይችላል። ኢበርድም ለአደጋ የተጋለጡ አንዳንድ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ከሕዝብ ይሰውራል። ድምፅ በስልክ እያጫወቱ ወፍ መጥራትም በመፈልፈያ ወቅት ግፍ ነው። ወፉ ጠላት መጣብኝ ብሎ ጉልበቱን ይጨርሳል።

አዳኞችም ያነባሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የወፎች ጥበቃ ድርጅት በርድላይፍ ባወጣው ግምት፣ በሜዲትራኒያን ዙሪያ በየዓመቱ 25 ሚሊዮን ገደማ ወፎች በሕገ ወጥ መንገድ ይገደላሉ ወይም ይያዛሉ። መረብና ሙጫ የተቀባ እንጨት ከመሣሪያዎቹ መካከል ናቸው። የእኛን ሜዳ አቋርጠው የሄዱ ወፎችም እዚያው ላይ ይቀራሉ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በእኛ አገር ባይኖኩላር ይዞ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ጥያቄ ያስነሳል፤ የሚጠይቀውም ሰው አይፈረድበትም። መጀመሪያ ሰላም በል። ምን እንደምታይ ንገር፣ ባይኖኩላሩን ስጠውና ራሱ ይይ። ካምፕ፣ ግድብና አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አትቁም። ጥርጣሬ ወፎቹን ራሳቸውን እንኳ አልማረም። እ.ኤ.አ. በ2013 ግብፅ ውስጥ ቄና በተባለ ቦታ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀርባዋ ላይ መሣሪያ የታሰረባት ሽመላ ይዞ ሰላይ ናት ብሎ ለፖሊስ አስረከባት። መሣሪያው ጉዞዋን ለመከታተል ሃንጋሪ ላይ የታሰረ ነበር። ተለቀቀች፤ ብዙም ሳትቆይ ግን ተገድላ ተበላች። እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ ካገኘህ፣ ሞቶ ከሆነም እንኳ፣ በቀለበቱ ላይ ያለውን ቁጥርና ፊደል በስልክህ ፎቶ አንሳ። ያ ቁጥር የወፉ መታወቂያ ነው። ከየት እንደተነሳ፣ ስንት ዓመት እንደኖረ በሱ ይታወቃል።

ስለ ሞቱ ወፎች ካነሳሁ አይቀር፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። ፊቱ ቢጫ፣ አካሉ ነጭ የሆነ ጥንብ አንሳ አለ፤ በየከተማው ዳር፣ በየቄራው አጠገብ የምናየው። ከባልካን ጭምር የሚመጡ በበጋው አፋር ላይ ይሰበሰባሉ፤ በአንድ ወቅት እዚያ ከ1,000 በላይ ተቆጥረዋል። እነዚህ ወፎች ምሰሶ ላይ ማደር ይወዳሉ። ፖርት ሱዳን አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተዘረጋ 31 ኪሎ ሜትር የሚሆን የኤሌክትሪክ መስመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ተመራማሪ በዚያ ሲያልፍ ከምሰሶዎቹ ሥር ብዙ የሞቱ ጥንብ አንሳዎች አየ፤ ጻፈውም። በ2010 ሌሎች ሄደው አዩ፤ አሁንም ይሞታሉ። በ2014 መስመሩ ተቋረጠ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከዚያ ሥር ያለፈ ሰው ስንት ይሆን? አይተው ያለፉ፣ ያልጻፉ።

እኛ ዛሬ በየአቅጣጫው መስመር እየዘረጋን ነው። መብራት ያስፈልገናል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ገዳይ የሆነውን ምሰሶ ለይቶ ሽቦውን መሸፈን ወይም ማረፊያውን መቀየር ይቻላል። የትኛው ምሰሶ እንደሆነ ግን መታወቅ አለበት። ምሰሶ ሥር የሞተ አሞራ ካየህ ቀኑን፣ ቦታውንና ፎቶውን ያዝ። ሽቦውን አትንካ።

የእይታ ልውውጥ ሰውንም ያድናል። እስራኤል ውስጥ የአየር ኃይል አውሮፕላኖች ከሚያልፉ ወፎች ጋር እየተጋጩ አብራሪም አውሮፕላንም ይጠፋ ነበር። የወፍ ተመራማሪው ዮሲ ሌሼም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሞተር ባላት ትንሽ ተንሸራታች አውሮፕላን ከሽመላዎቹ ጎን እየበረረ መንገዳቸውንና ከፍታቸውን መዘገበ። መሬት ላይ የቆሙ ቆጣሪዎችና ራዳር ተጨመሩበት። አየር ኃይሉ የበረራ ሰዓቱንና መስመሩን በዚያ ካርታ አስተካከለ፤ ግጭቱም በእጅጉ ቀነሰ። ኤላት ላይ እ.ኤ.አ. በ1985 ፀደይ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳኝ አሞሮች ተቆጥረዋል። እዚያ ያላችሁ ወገኖች በመጋቢት ወደ ኤላት ከወረዳችሁ ቀና በሉ። ከተራራው በላይ የሚዞረው ንስር ከጥቂት ሳምንት በፊት ስምጥ ሸለቆ ላይ ዞሮ ሊሆን ይችላል። ስቶክሆልም ወይም ሙኒክ ላላችሁም፣ በግንቦት ሜዳ ላይ ጭራዋን የምትወዘውዘው ቢጫ ወፍ ዘመድ ናት። አሜሪካ ያላችሁ የምታዩት ሌላ ጉዞ ነው፤ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ከቻልክ ባይኖኩላር። በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት። ከመቶ ቦታ አንዴ ከመሄድ አንድ ኩሬ ላይ መቶ ጊዜ መሄድ ይሻላል። በየዓመቱ በግንቦት ልደታ ሰሞን፣ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ሜይ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ በዓለም ዙሪያ ሰዎች በአንድ ቀን ወጥተው ያዩትን ይመዘግባሉ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እየተደረገ ነው። ቀኑ ለእኛ ጥሩ ጊዜ ላይ ይውላል፤ የመጨረሻዎቹ መንገደኞች ገና አልጨረሱም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሱሉልታ ተመለስኩ። ልጁ ከሩቅ አይቶኝ ሮጠ።

«ጋሼ፣ ባለ ጥቁር ራሶቹ የሉም። ትናንት ጠዋት ሦስት ነበሩ። ዛሬ ቆጠርኩ፣ አንድም የለም።»

«ሌሎቹስ?»

«አሥራ አራት።»

ደብተሬን አውጥቼ ሰጠሁት። በራሱ ጽሕፈት ቀኑን ጻፈ፣ ከሥሩ «ጥቁር ራስ 0» አለ፣ ቀጥሎ «ሌላ 14»። ከዚያ ቆም ብሎ አሰበና ላሞቹንም ቆጥሮ ጨመረ።